የባለጠጋ ልጅ ልታገቢ ላሰብሽ ልጄ

ልጄ፣ የልጁ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን እናትሽ ነግራኛለች። ደስ ብሎኛል። ልጁንም በክፉ አላነሳውም፤ ከሚያውቁት ሰዎች እንደሰማሁት ጨዋ ነው። ግን አባቱ ባለ ብዙ ሕንፃ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ዘመድ አዝማዱ እልልታውን ስላቀለጠው፣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሳይጠየቅ እንዳይታለፍ ሰጋሁ። በባልና ሚስት መካከል ለሽምግልና ስቀመጥ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። የደኻ ቤት ጠብ ያው ሌሊቱን ጎረቤት ይሰማዋል። የሀብታም ቤት ጠብ ግን ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ረጅም፣ ዘበኛውም ቃል የማያወጣ ስለሆነ የሚሰማው ብዙ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ምክሬን በአንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ታሪክ ላይ አስደግፌ እጽፍልሻለሁ። ሰውየው ሮበርት ደርስት ይባላል፤ በኒውዮርክ ከተማ መሐል ትልልቅ ሕንፃዎች ያሉት ቤተሰብ የበኩር ልጅ ነበር። ሚስቱ ካትሊን ማኮርማክ ናት፤ ወዳጆቿ ካቲ ይሏታል። በ1982 ጠፍታ ቀረች። የታሪኩን ቀናትና ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

1. ፊልሙን እዪው፤ ዓይንሽን ግን ከእሷ ላይ አታንሺ

በ2010 የወጣ «ኦል ጉድ ቲንግስ» የሚባል ፊልም አለ፤ ዳይሬክተሩ አንድሩ ጃረኪ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሮ ባልየውን ዴቪድ ማርክስ ብሎታል። ባልየውን ራያን ጎስሊንግ፣ ሚስቲቱን ኪርስተን ደንስት፣ አባትየውን ፍራንክ ላንጄላ ሆነው ይተውናሉ። ፊልሙ የሚሄደው የባልየውን ስሜት ተከትሎ ነው። ብቸኝነቱን፣ አባቱ ፊት ሲቆም አንገቱን መድፋቱን፣ የልጅነት ቁስሉን ያሳየናል። ተዋናዩ ጎበዝ ነውና ታዝኚለታለሽ። ማዘንሽ ክፋት የለውም። ግን ሐዘኔታሽ ሁሉ ወደ እሱ ሲፈስ ለእሷ የሚተርፍ እንዳያጣ ተጠንቀቂ።

ሮበርት ደርስት ራሱ ይህን ፊልም አይቶ ወደደው። ለዳይሬክተሩ ስልክ ደውሎ ቃለ መጠይቅ ልስጥህ አለው። ከዚያ ቃለ መጠይቅ «ዘ ጂንክስ» የተባለው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ በ2015 በኤችቢኦ ቀረበ። የመጨረሻው ክፍል ሊተላለፍ አንድ ቀን ሲቀረው ሰውየው ኒው ኦርሊንስ ከተማ ሆቴል ውስጥ ተያዘ። ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ለዓመታት የተጠረጠረ ሰው ይህን ጥርጣሬ የሚያሳይ ፊልም እንዴት ወደደው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ፊልሙ ከሁሉም በላይ የእሱን ሕመም ስለተረዳለት ነው። አንቺ ግን ኪርስተን ደንስትን ተከታተያት። መጀመሪያ ላይ የምትስቀው፣ የምትቀልደው፣ ከሰው የምትግባባው ልጅ ቀስ በቀስ ከመናገሯ በፊት የባሏን ፊት ማየት ትጀምራለች። ያን ቦታ ስታገኚ አቁመሽ ደግመሽ እዪው።

2. በዚያ ቤት ስለሞተው ሰው ጠይቂ

የሮበርት አያት ጆሴፍ በ1902 ወደ አሜሪካ የተሰደደ ልብስ ሰፊ ነበር። ሀብቱን የጀመረው እሱ ነው፤ አባትየው ሲይሞር አስፋፋው። በ1950፣ ሮበርት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እናቱ ስካርስዴል ከሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወድቃ ሞተች። ሮበርት ኋላ ሲናገር፣ በዚያ ሌሊት አባቴ ወደ መስኮት ወስዶ ጣሪያው ላይ ቆማ አሳይቶኛል ይላል። ታናሽ ወንድሙ ዳግላስ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ይላል። ከአንድ እናት የተወለዱ፣ አንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች በእናታቸው ሞት ሌሊት ምን እንደሆነ ሸምግለውም አልተስማሙም።

የትኛው እውነቱን እንደተናገረ ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሳው። አንቺ ከምትገቢበት ቤት ማን እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ለሟቹ እንዴት እንደተለቀሰለት እንድትጠይቂ ነው። ስለ ገንዘባቸው አትጠይቂ፤ እሱን ሌሎች ይጠይቁልሻል። ስለ ሟቹ ስታነሺ እጮኛሽ ቢያለቅስ ጥሩ ምልክት ነው። ወሬ ቢቀይር ታገሺው። ቤቱ በሙሉ ወሬ ቢቀይር ግን፣ ጓዳው ውስጥ ያልተነገረ ነገር እንዳለ ዕወቂና ከመጋባታችሁ በፊት እንዲነግርሽ ጠብቂ።

3. አባቱ እምቢ ቢሉ ምን እንደሚያደርግ ዕወቂ

ሮበርትና ካቲ የተገናኙት በ1971 ነው። እሷ ዐሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የምትኖረው የደርስት ቤተሰብ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ተከራይታ ነው። ከተዋወቁ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ቬርሞንት ገጠር ሄደው የጤና ምግብ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሱቁ ስም ነው በኋላ የፊልሙ ስም የሆነው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የማዝነው በዚህች ሱቅ ነው። ምናልባት ሁለቱም በሕይወታቸው የመረጡት ብቸኛ ነገር ያቺ ሱቅ ነበረች። አባትየው ግን ልጁ ኒውዮርክ ተመልሶ የቤተሰቡን ሥራ እንዲይዝ ጫና አደረገ፤ ልጁም ሱቁን ዘግቶ ተመለሰ። በሚያዝያ 1973 ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ ሮበርት በማይወደው ቢሮ፣ በማያምንበት ሥራ፣ የአባቱን ፊት እያየ ኖረ። ይህን ሁሉ ዘመን አጎንብሶ የጠበቀውን ወንበርም አላገኘውም፤ በ1994 አባትየው ድርጅቱን የሚመራው ታናሹ ዳግላስ እንዲሆን ወሰነ። ሮበርት ከድርጅቱ ወጣ።

የወራሽ ኑሮ ከባዱ ነገር ይህ ነው። ሀብታም ይባላል፣ እጁ ላይ ያለው ግን አባቱ የፈቀዱለት ብቻ ነው። በአደባባይ ይከበራል፣ እቤቱ ሲገባ ገና ልጅ ነው። ውጭ አዎ ጌታዬ እያለ የዋለ ሰው ማታ አዎ የሚለውን ሰው የሚፈልገው ሚስቱ ዘንድ ነው። ሁሉም ወራሽ እንዲህ አይሆንም። አባቱን በአክብሮት አልስማማም ብሎ ሥራውን የቀጠለ፣ ወይም ወጥቶ የራሱን እንጀራ የጋገረ አውቃለሁ። እጮኛሽ የትኛው እንደሆነ በወሬ አትለዪውም። አንድ ጊዜ እንኳ አባቱን እምቢ ብሎ ያውቅ እንደሆነ፣ ምን ላይ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን እንደተፈጠረ ጠይቂው።

4. ስለ ልጅ ሳትነጋገሩ ቀለበት አታድርጊ

ካቲ በ1976 አርግዛ ነበር። እሱ ልጅ አልፈልግም ስላለ እርግዝናውን እንድታቋርጥ እንዳስገደዳት ቅርቦቿ ተናግረዋል። በሠርግ ዋዜማ ስለ መኪናና ስለ አዳራሽ ወር ሙሉ ይመከራል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ምሽት እንኳ አይመደብለትም። እናንተ መድቡለት። ከአማቶችሽ ጋር ሳይሆን ሁለታችሁ ብቻችሁን።

5. የራስሽን ገንዘብ፣ የራስሽን ሙያ፣ የራስሽን መውጫ ያዢ

ካቲ ትምህርት አላቋረጠችም፤ ይህ የሚደነቅላት ነው። ነርስነት ተመረቀች፣ ከዚያ ብሮንክስ ወደሚገኘው አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ገባች። በጠፋችበት ወቅት ሐኪም ሆና ለመመረቅ የቀሯት ጥቂት ወራት ብቻ ነበሩ። ግን የትምህርቷ ክፍያ በባሏ እጅ ነበር። ክሬዲት ካርዷ በባሏ እጅ ነበር። የባንክ ሒሳቡ በባሏ እጅ ነበር። ፍቺ ጠይቃ ለመቋቋሚያ 250,000 ዶላር ስትለው፣ ካርዷን ሰረዘ፣ ከጋራ ሒሳባቸው ስሟን አስወጣ፣ የኮሌጅ ክፍያዋንም አልከፍልም አለ። ይህን ያደረገው የሚሊዮኖች ወራሽ ነው። ገንዘቡ አንሶት አይደለም፤ እንዳትሄድ የሚይዝባት ገመድ ገንዘቡ ስለሆነ ነው።

አንቺ እንግዲህ የምትኖሪው እኛ አገር ነውና ሕጋችንን ዕወቂ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልየው ከጋብቻ በፊት የነበረውን፣ እንዲሁም በውርስ ወይም በስጦታ የሚያገኘውን ንብረት የግሉ ነው ይላል። አባቱ ነገ ሕንፃ ቢያወርሱት ሕንፃው የእሱ እንጂ የጋራችሁ አይደለም። ከዚያ ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን፣ ለምሳሌ የሕንፃው ኪራይ፣ ከሁለታችሁ የግል ጥረት ከሚገኘው ገቢ ጋር የጋራ ሀብታችሁ ነው። ብዙ ሙሽሮች ይህን አያውቁም። አንዳንዷ ሁሉም የእኔ ነው ብላ ትገባለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ምንም የለኝም ብላ ተሸማቅቃ ትኖራለች። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ሕጉ ከጋብቻ በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት የጋብቻ ውል በጽሑፍ እንድታደርጉ ይፈቅዳል። የእነሱ ጠበቃ ያዘጋጀውን ወረቀት ድግሱ ሊደርስ ሲል ፈርሚ ቢሉሽ አትፈርሚ። የራስሽ ጠበቃ ያንብበው። ይህን ማለት ፍቅር ማጣት አይደለም፤ እነሱ እኮ ጠበቃ ሲይዙ ልጃቸውን ጠሉት ማለት አይደለም።

ሥራሽን ደግሞ በምንም ምክንያት አትልቀቂ። ምን ቸግሮሽ ትሠሪያለሽ የሚሉሽ ይመጣሉ፤ ጓደኞችሽም ጭምር። ደመወዝሽ ከእሱ የቀን ወጪ ቢያንስም በስምሽ የሚገባበት ሒሳብ ይኑርሽ። ዲግሪሽ፣ መታወቂያሽ፣ ፓስፖርትሽና የልደት የምስክር ወረቀትሽ በሌላ ሰው ካዝና ውስጥ አይቀመጥ።

6. ጸጉሯ ሲጎተት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት

በዚህ ምክር ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ለአንቺ ብቻ አይደለምና፣ ለእኛም ለዘመዶችሽ ነው።

ከካቲ ቤተሰብ የተሰማ አንድ ነገር አለ። በአንድ የበዓል ሰሞን ሮበርትና ካቲ እናቷ ቤት ነበሩ። እሱ እንሂድ አለ። እሷ ትንሽ ልቆይ አለች፤ እናቷ ቤት ናት፣ ወንድሟና እህቶቿ መሐል ናት፣ የአምስት ልጆች ታናሽ ናት። ከተቀመጠችበት ሶፋ ላይ ጸጉሯን ይዞ አነሳት። ወንድሟ ይህን በዓይኑ አየ። ከዓመታት በኋላ ሲናገረው፣ ያኔ አለመነሳቱ ምን ያህል እንደሚከነክነው አልደበቀም። ይህንኑ ፊልሙም አሳይቶታል፤ ደስታ ለማክበር የተሰበሰበ ቤተሰብ ፊት፣ ሳህኑ ሳይነሳ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ያን ክፍል አስቢው። እናት አለች፣ ወንድም አለ፣ እህቶች አሉ። የሚወዷት ሰዎች ናቸው፤ ፈሪ ወይም ግድ የለሽ ሆነው አይደለም ዝም ያሉት። ነገሩ በአንድ ቅጽበት ስለሆነ፣ ያዩትን ማመን ስላቃታቸው፣ ባልየው የተከበረ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ፣ ብንገባበት ለእሷ ይብስባታል ብለው ስለፈሩ ነው። በር ተከፈተ፣ ባልና ሚስቱ ወጡ፣ መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የቀረው ወሬ ምን እንደሚመስል ለመገመት አልቸገርም፤ እኛም ቤት እንዲሁ ነው የሚባለው። ደክሞት ይሆናል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። የባልና የሚስት ነገር ነው፣ ጣልቃ አይገባበትም።

በሽምግልና ስንቀመጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተናግረነዋል። ታገሺ እንላለን። ልጆችሽን አስቢ እንላለን። ባለጠጋ ሲሆን ደግሞ ምን ጎደለሽ እንላለን፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፣ የጎደላት ነገር በገንዘብ አይቆጠርማ። ስለዚህ ለአንቺ የምመክርሽ፣ እጁን ያነሳብሽ የመጀመሪያ ቀን ያው በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሪ። ምልክት ካለ ሐኪም ይየው፣ ይጻፈው። ካቲ ከመጥፋቷ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ፊቷ በልዞ ብሮንክስ ሆስፒታል ታክማለች፤ ባሏ እንደመታት ለጓደኛዋ ነግራለች፤ ክስ ግን አላቀረበችም። ለምን አላቀረበችም ብዬ አልወቅሳትም። የትምህርት ክፍያዋን በእጁ የያዘው፣ የምትኖርበትን ቤት የያዘው፣ ጠበቃ በገፍ የሚያቆመው እሱ ነው። የምለው ለእኛ ነው፤ ያን ቀን አጠገቧ የነበረ ሰው ክሱን አብሯት ተሸክሞ መሄድ ነበረበት።

እኔም ቃሌን ልስጥሽ። ስልክ ብትደውዪልኝ ማን ጥፋተኛ ነው ብዬ አልጠይቅሽም። መጀመሪያ የት ነሽ ነው የምልሽ።

7. ለመለየት ከቆረጥሽ ብቻሽን አትመለሺ

ጥር 31 ቀን 1982 እሑድ ነበር። ካቲ ኮኔቲከት ውስጥ ጓደኛዋ ቤት ግብዣ ላይ ነበረች። ባሏ ስልክ ደወለ፤ ተነስታ ሳውዝ ሴለም፣ ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው ቤታቸው ሄደች። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ከደረሰብኝ እሱን ጠርጥሩ የሚል ነገር ለጓደኛዋ ተናግራለች። ከዚያች ሌሊት በኋላ ያያት የለም።

ሮበርት በማግስቱ ለፖሊስ አልነገረም፤ የነገረው ከቀናት በኋላ ነው። ወደ ማንሃተን በሚሄድ ባቡር አሳፍሬያታለሁ፣ ማታም በስልክ አውርተናል አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ካሜራ ፊት የስልኩ ወሬ ውሸት እንደነበር ራሱ አመነ። በማግስቱ ደግሞ አንዲት ሴት ኮሌጁ ደውላ ካቲ ነኝ፣ አሞኛልና ዛሬ አልመጣም አለች። ይህ ስልክ ፖሊስ ካቲ ከተማ ደርሳ ነበር ብሎ እንዲያምንና ሐይቅ ዳር ያለውን ቤት ትቶ ማንሃተንን እንዲፈልግ አደረገው። ደዋይዋ የሮበርት የቅርብ ወዳጅ ሱዛን በርማን እንደነበረች ዐቃቤ ሕግ ኋላ ተከራክሯል።

ልጄ፣ ለአንዲት ሴት ከባዱ ሰዓት ልሂድ ብላ የተናገረችበት ሰዓት ነው። ይህን ከእኛ አገር ፍርድ ቤት ደጃፍም አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ፣ ልብሴን ልውሰድ ብለሽ እንኳ ብቻሽን አትመለሺ። ልብስ ይገዛል። ከወንድምሽ ጋር፣ ከፖሊስ ጋር፣ በጠራራ ፀሐይ ሂጂ። የት እንደሆንሽና ስንት ሰዓት ልትደውዪ እንደሚገባ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር፤ ካልደወልሽ ማንን እንደሚጠራም ከአሁኑ ይወቅ።

8. ጓደኞችሽን ለትዳርሽ ብለሽ አትተዪ

ካቲን አጥብቀው የፈለጓት እህቶቿ፣ ወንድሟና ጓደኞቿ ናቸው። ሳውዝ ሴለም ሄደው ከቤቱ የወጣ ቆሻሻ ሲያገላብጡ ንብረቷንና ያልተከፈቱ ደብዳቤዎቿን አገኙ። በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀትም ነበር፤ የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ድልድይ፣ ጀልባ፣ አካፋ የሚሉ ቃላት የተደረደሩበት። ሚስቱ ጠፋች የተባለ ሰው ደብዳቤዋን ሳይከፍት አይጥልም፤ ተመልሳ እንደማትጠይቀው ካላወቀ በቀር። ወጣት ሴቶች በእጃቸው ቆሻሻ ፈትሸው ያገኙትን ይህን ሁሉ ወስደው ለመርማሪዎቹ ሰጡ። በዚያን ጊዜ የተከሰሰ ሰው አልነበረም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርሽ። ሮበርት በ1990 ካቲን በሌለችበት ፈታት። ምርመራው እንደገና በተከፈተ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 2000፣ ሱዛን በርማን ሎስ አንጀለስ ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። እሱ ቴክሳስ ጋልቬስተን ውስጥ ድዳ ሴት መስሎ ተደብቆ ሲኖር ጎረቤቱ ሞሪስ ብላክ ተገደለ፤ አስከሬኑን መቆራረጡን አምኖ፣ ራሴን ስከላከል ነው ብሎ በ2003 ከግድያ ክስ ነጻ ወጣ። በ2006 ከቤተሰቡ ሀብት 65 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተቀብሎ ተለያየ። በመስከረም 2021 ሱዛንን በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወዲያው በካቲ ግድያ ተከሰሰ፤ ግን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በጥር 2022 በ78 ዓመቱ እስር ላይ ሳለ ሞተ። የካቲ እናት በ2016 ከመቶ ዓመት በላይ ኖረው አርፈዋል፤ ልጃቸውን ለመቅበር እንኳ አልታደሉም። ፍርድ ቤት ካቲ ሞታለች ብሎ የወሰነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። አስከሬኗ አልተገኘም።

ለዚህ ነው ጓደኞችሽን አትተዪ የምልሽ። ትልቅ ቤት የገባች ሴት መጀመሪያ የምታጣው የድሮ ጓደኞቿን ነው፤ አንዷ አትመጥንሽም፣ አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ቅናተኛ ናት ይባላል። ከሠርግሽ በኋላ ሳያስፈቅዱ በርሽን የሚያንኳኩ ሁለት ሦስት ሰዎች ይኑሩሽ። እሱም እንዲያውቃቸው፣ እነሱም እንዲያውቁት አድርጊ። ጥሩ ሰው ከሆነ ደስ ይለዋል።

9. ፊልሙን አብራችሁ እዩት

ይህ የመጨረሻዬ ነው። ፊልሙን ብቻሽን ካየሽው በኋላ ከእጮኛሽ ጋር እዪው። ምን አልክ ብለሽ አትፈትኚው፤ ዝም ብለሽ አድምጪው። ስለ አባትየው ብዙ ቢናገር የራሱን ቤት ነገር እየነገረሽ ሊሆን ይችላልና ጊዜ ስጪው። ስለ እሷ ምንም ካልተናገረ ግን አንቺ ጠይቂው፤ እሷ የት መሄድ ትችል ነበር በዪው።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን እናትሽ ከመቁረጧ በፊት እኔ ጋ ነይ። እኔም ከሚቀመጡት አንዱ ነኝና፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራሽና ስለ ጋብቻው ውል እዚያው በሰው ፊት የማነሳውን ቀድመን እንመካከርበት። የትምህርት ማስረጃሽንም ይዘሽ ነይ፤ ኮፒ እኔ ዘንድ ይቀመጥ።